መልካ ቁንጡሬ በክረምት ማብቂያ፦ ሙሉ ቀን የሚገባው ቦታ

ወደ ጢያ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልካ ቁንጡሬን ደረስ ብሎ መሄጃ ያደርገዋል። ይወርዳል፣ የሙዚየሙን ጎጆዎች ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ይኼ በጣም ያስቆጨኛል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ወጣ ብሎ፣ የሰው ዘር ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረበትን መሬት እየረገጡ የሚያዩበት ቦታ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጡሬንና በአቅራቢያው ያለውን ባልጪትን በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ግማሽ ሰዓት አይበቃውም። ሙሉ ቀን ስጡት፤ ከቻላችሁ ደግሞ ቀኑን ክረምቱ ሊወጣ ሲል አድርጉት።

እኔ የሄድኩት ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ነው፤ ከጓደኛዬ ጋር። እሷ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ እኔ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ሥራችንን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወንዙ ዳር ስንደርስ ይገባችኋል።

መጓጓዣውን ቶሎ ልጨርሰው። መጀመሪያ የጠየቅነው አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጢያን፣ አዳዲ ማርያምንና መልካ ቁንጡሬን በአንድ ቀን ደርቦ፣ ለመልካ ቁንጡሬ አርባ ደቂቃ መድቦ፣ ዋጋውን ግን የቀን ሙሉ አድርጎ አቀረበልን። አመስግነን ተውነው። ከዓለም ገና በቡታጅራ መንገድ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረን አዋሽ ድልድይ አካባቢ ወራጅ አልን። ብዙ ወጪ የለውም፣ በጠዋት ከወጣችሁ ረፋድ ሳይሆን ትደርሳላችሁ።

ጫማን በተመለከተ ግን ረዘም አድርጌ ልናገር። አፈሩ ዋልካ ነው። ዝናብ ሲነካው ከሶል ጋር ይጣበቃል፣ በየእርምጃው ይጨመራል፣ ትንሽ ከሄዳችሁ በኋላ በእያንዳንዱ እግራችሁ ሁለት ኪሎ የተሸከማችሁ ይመስላችኋል። ስኒከር እዚያ ዋጋ የለውም። ጓደኛዬ ከመርካቶ የገዛችውን እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር የጎማ ቦቲ አድርጋ ነበር፤ ጭቃው ላይ ምንም አልሆነችም። የእኔ የቆዳ ጫማ ውኃ ባያስገባም የወንዙን ዳር ቁልቁለት ስንወርድ ያንሸራትት ነበር። ሶሉ ጥርስ ያለው የጎማ ቦቲ፣ ከውስጥ ወፍራም ካልሲ፣ ለመመለሻ ደግሞ ፌስታል ውስጥ ንጹሕ ጫማ። ዱላ ደግሞ እዚያው ከአስጎብኚያችን ተዋስን።

አስጎብኚያችን በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ የአካባቢው ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከቆፋሪዎቹ ጋር አፈር ሲያነሱና ሲነፉ ኖረዋል። በመጀመሪያ ወደ ሙዚየሙ ነው የወሰዱን፤ ትክክል ናቸው። ክብ ክብ ሆነው በአገር ቤት ጎጆ ቅርጽ የተሠሩ አራት ቤቶች ናቸው። የቦታው የድንጋይና የእሳተ ገሞራ ታሪክ፣ እንስሳቱ፣ የሰው ዘር ቅሪቶች፣ የድንጋይ መሣሪያዎቹ በየተራ ይታያሉ። እኔ ብዙ ጊዜ የፈጀሁት በድንጋይ መሣሪያዎቹ ዘንድ ነው፤ ምክንያቱም ሰው የጠረበውን ድንጋይ ተፈጥሮ ከሰበረው መለየት እዚያ ካልተማራችሁ ወንዙ ዳር ሁሉም ድንጋይ አንድ ነው የሚሆንባችሁ። ጋሼ በጣታቸው እያሳዩ እንዲህ አሉን፦ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ፣ የተመታበት ነጥብ ስር ትንሽ እብጠት ይቀራል፤ ከእሷ እየራቀ የሚሄድ እንደ ውኃ ሞገድ ያለ መስመርም ይታያል። አንድ ጊዜ የተፈነቀለ ድንጋይ የትም አለ። ተደጋግሞ፣ በሁለት በኩል፣ ስለት እስኪወጣ ድረስ የተፈነቀለ ከሆነ ግን እጅ አለበት።

የቦታውን ታሪክም አሳጥረው ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የተባለ የኔዘርላንድ የውኃ ባለሙያ ነው ቦታውን ለሳይንስ ያሳወቀው። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለሠላሳ ዓመት ያህል ቁፋሮውን መራ፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን የጣሊያን ተመራማሪዎች ተረከቡት። እኔ በዚህ ሁሉ መሀል የማልረሳው ጋርባ 4 ከተባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1981 የተገኘውን የሕፃን መንጋጋ ነው። ባለቤቱ ገና የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። የማን ዝርያ ነው የሚለው ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ2023 የወጣ ጥናት በውስጡ ገና ያልበቀሉትን ጥርሶች በኃይለኛ ኤክስሬይ አይቶ ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው የጥንት የሰው ዝርያ ነው አለ፤ ዕድሜውም ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት። ጓደኛዬ ይኼን ስትሰማ ከቦታዋ አልነቃነቅ አለች። ክሊኒካቸው የሚመጡ ሕፃናትም ከድዳቸው ስር ያለው ጥርስ የሚታየው በኤክስሬይ ነው፤ «እኛ ዘንድ እናቱ አቅፋው ነው የምናነሳው» አለችኝ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑን ደግሞ አስቡት። የዚያን ጊዜ ሰዎች ደጋ ላይ፣ ብርዱን ችለው፣ ልጅ ያሳድጉ ነበር ማለት ነው።

ከሙዚየሙ ወጥተን በእግር ወደ ጎምቦሬ ሄድን። እዚያ የተቆፈረው መሬት እንደተቆፈረ ጣራ ተሠርቶለት ይታያል። አጥንቱም መሣሪያውም ከወደቀበት ሳይነሳ ማየት ከመስታወት ጀርባ ከማየት ጋር አይገናኝም። ጎምቦሬ 2 ላይ 700,000 ዓመት ያህል የሆናቸው ዱካዎች ተገኝተዋል፤ የእንስሳትና የሰው፣ ከሰዎቹም የትንንሽ ልጆች ጭምር። ውኃ ዳር ባለ ጭቃ ላይ ረግጠው አለፉ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ መጥቶ ሸፈነው፣ ቀረ። እዚያው አካባቢ ሥጋው በድንጋይ ስለት የተበለተ ጉማሬ አጥንትም ተገኝቷል። ልጆቹ ትልልቆቹ ሲበልቱ አጠገባቸው ነበሩ። ጋሼ ይኼን ሲናገሩ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ ስለ ጎረቤት ቤተሰብ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ ደስ ያለኝም እሱ ነው።

ከዚያ ወደ አዋሽ ወረድን። ለእኔ የቀኑ ዋና ነገር ይኼ ነው።

በዚህ ወቅት ወንዙ ቡናማ ነው፣ ሙላቱ ገና አልጎደለም። ገደሉ በየቦታው ተንዷል፤ የተናደበት ላይ የአፈሩ ንብርብር ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ጠጠር፣ ጭቃ፣ ግራጫ አመድ፣ እንደገና ጠጠር። ጋሼ አሠራሩን ያስረዱን እዚያው ፊት ለፊቱ አቁመውን ነው። የድሮው ወንዝ ጠጠርና ደለል አመጣ፤ በዙሪያው ያሉት እሳተ ገሞራዎች አመድ ረጩበት፤ የሞተ እንስሳ፣ የተጣለ መሣሪያ ሁሉ በመሀል ተቀበረ። አሁን ያለው አዋሽ ደግሞ ያንን ቆርሶ ያወጣዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር የቆየው ይታጠባል፣ አዲስ ይገለጣል። በበጋ የመጣ ሰው መራመዱ ይቀለዋል፤ የተናደውን ገና ሳይረገጥ የሚያየው ግን በዚህ ሰሞን የመጣ ነው።

አንድ ደንብ አስቀድመው ነገሩን፦ ዓይን ይፈልጋል፣ እጅ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ የሚያሳስቱትን አሳዩን። ነጭና ቀላል የሆነው የዘንድሮ ወይም የአምና ላም አጥንት ነው። የተጠማዘዘው ቱቦ መሳይ ነገር የዛፍ ሥር የነበረበት ቦታ ላይ ኖራ የረጋበት ነው። ቅሪተ አካል የሆነ አጥንት ጠቆር ይላል፣ ማዕድን ስለገባበት ይከብዳል፣ የተሰበረበት በኩል ሲታይ ግን ውስጡ አሁንም ስፖንጅ መሳይ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ድንጋይ ያ የለውም። ከዚህ በኋላ ዝም ብለን፣ ጎንበስ ብለን፣ አንድ እርምጃ ሄደን ቆመን እያየን ተጓዝን። ዓይን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ የማየው ጭቃ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ጠጠሩ በቀለምና በጠርዝ መለያየት ጀመረ።

ያገኘችው ጓደኛዬ ናት። ከተናደ ገደል እግር ስር ቁጢጥ ብላ «ጋሼ፣ ይኼ ድንጋይ አይደለም» አለች። ከጭቃው የወጣችው ነገር የአውራ ጣት ጫፍ ታህላለች፤ ቀለሟ የደፈረሰ ሻይ ይመስላል፣ ከላይዋ ላይ ግን የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ገብቷል። ጓደኛዬ ወዲያው ማስረዳት ጀመረች። የእኛ መንጋጋ ጥርስ ላይ ኢናሜሉ፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ ሽፋን፣ ከላይ እንደ ቆብ ነው የሚደፋው፤ ይቺ ግን ኢናሜሏ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቆሟል፤ ሣር የሚበላ እንስሳ ጥርስ ነው፤ ሣር ጥርስ ስለሚፈጅ ጥርሱም ረጅም ነው፣ እየተበላም እጥፋቱ ስለት ሆኖ ይቀጥላል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «የድኩላ፣ የቆርኬ ወገን ይሆናል። እህቴ፣ እጅሽን አታስጠጊ» አሏት። ቁልፏን አጠገቡ አስቀምጣ ለመጠን ማነጻጸሪያ ፎቶ አነሳች። እሳቸው ቦታውን በደብተራቸው ጻፉ፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወረደ ቀና ብለው ገደሉን ሲያጠኑ ቆዩ። ጥርሷን እዚያው ትተናት፣ ስንመለስ ለቦታው ኃላፊ አመለከቱ።

ለምን አይነሳም ብሎ የሚጠይቅ ስለማይጠፋ በግልጽ ልጻፈው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቁፋሮ ይከለክላል፤ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያዛል። ከሕጉ በላይ ግን ምክንያቱ ያሳምነኛል። ጥርሷ ብቻዋን ዕድሜዋን አትናገርም። ዕድሜ የሚለካው ከላይና ከታች ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለውን አርጎን የተባለ ጋዝ በላቦራቶሪ መርምሮ ነው። ከንብርብሩ ከተለየች፣ ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ቆንጆ ጥርስ እንጂ ሌላ ምንም አይደለችም። ስለዚህ ማስታወሻ ይዞ መምጣት ለሚፈልግ ይኼ ቦታ አይሆነውም፤ በር ላይ ሳይደርስ ይቅርበት።

ሌላ ዓይን የሚስበው ባልጩት ነው። በፀሐይ ላይ ጥቁር መስታወት ሆኖ ያብለጨልጫል፤ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለው የባልጪት አካባቢ ዋና ምንጩ ነው። ሲምቢሮ በተባለው ቦታ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ከዚሁ ከባልጩት የእጅ መጥረቢያ በብዛት ይሠሩበት የነበረ ቦታ መገኘቱን ተመራማሪዎች በ2023 አሳውቀዋል። እንደ አስተማሪ ይኼ ከሁሉም ያስደንቀኛል። ባልጩት በቀላሉ ይሰበራል፣ እጅ ይቆርጣል፤ ከእሱ በሁለት በኩል የተስተካከለ መጥረቢያ ለማውጣት ልምምድና ትዕግሥት ይፈልጋል። ለልጆች «የድንጋይ ዘመን ሰው» ብለን በአንድ አንቀጽ የምናልፈው ሰው እንዲህ ያለ ባለሙያ ነበር።

ስለ አስጎብኚነቱ ያለኝን አስተያየት ስናገር፣ ጋሼ የተጠየቁትን ይመልሳሉ፣ እርግጠኛ ያልሆኑበትን «ይሆናል» ይላሉ፣ አያስቸኩሉም። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያፈራረቁ፣ ለተከተሉን እረኛ ልጆችም ያንኑ ነገር ያስረዱ ነበር። አንደኛው ልጅ የጠፋ ጠቦት እንደሚፈልግ ሰው ገደሉን ሲያስስ ከእኔ የተሻለ ዓይን እንዳለው አየሁ። ቦታውን የሚጠብቁት ነገ እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ጉርሻ የምትሰጡት ካላችሁ ለደብተርና ለእስክሪብቶም አስቡ።

ምሳ ድልድዩ አካባቢ ካለች ምግብ ቤት ሽሮ በላን፤ ትኩስ ነው፣ ይበቃል። ውኃና ኮፍያ ግን ከቤት ያዙ፤ ወንዙ ዳር ጥላ ያለበት ቦታ ጥቂት ነው።

ሕፃናት ለሚያመጡ፦ ሙዚየሙና ጎምቦሬ ለማንኛውም ዕድሜ ይሆናል፤ የወንዙ ዳር ግን ሙላት ባለበት ሰሞን ከአሥር ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አልመክርም፤ ገደሉ ከስሩ የተበላ ስለሆነ ከላይ ጫፉ ላይ መቆም ለትልቅ ሰውም አደጋ ነው። እኔ ተማሪዎቼን በጥቅምት መጨረሻ፣ መሬቱ ሲጠነክር፣ ለማምጣት ለርዕሰ መምህሩ ጥያቄ አስገብቻለሁ። ጢያንና አዳዲ ማርያምን ለሌላ ቀን አድርጉት፤ ሉሲንም ያላየ ሰው ከመልካ ቁንጡሬ መልስ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይግባ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው እዚሁ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ወንዙን ተከትሎ አፋር ድረስ መውረድ ነው።