ውሃ ቤት እንዳያጥለቀልቅ የሚሸጡ ዕቃዎች በአዳማ ቤቶች ሲፈተሹ

አዳማ ውስጥ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ስለ ውሃ ሲያስብ በቅድሚያ የሚያሳስበው እጥረቱ ነው። ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣው ውሃ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ስለሚደርስ፣ ለሮቶ፣ ለጀሪካንና ለፓምፕ የምናወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ሆኖም ቤትን በውሃ የሚያበላሸውም ይኸው ፈረቃ ነው። ውሃ በጠፋበት ሰዓት የተከፈተ ቧንቧ ሳይዘጋ ይረሳል፤ ሌሊት ቤተሰቡ በተኛበት ግፊቱ ሲመለስ ያረጀ ቱቦ ይፈነዳል፣ የደከመ ተንሳፋፊም መዝጋት ያቅተዋል። ሲነጋ የኤምዲኤፍ ቁም ሣጥኑ ግርጌ አብጦ፣ ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነም የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ረጥቦ ይገኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፍባቸውን ዕቃዎች ሁሉ የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሰው ባልነቃበት፣ መብራትም በሌለበት ሰዓት ውሃውን ያቆማሉ ወይስ አያቆሙም?

ከሽንት ቤቱ ልጀምር። የሽንት ቤት ውሃ የሚያስቸግረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የፍላሽ ታንከሩ ሞልቶ አልዘጋ ሲል ነው፤ ይህ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ወለል ላይ አይፈስም፣ ምክንያቱም ታንከሩ ውስጥ የቆመው የትርፍ ውሃ ቱቦ የተረፈውን ወደ መቀመጫው ያወርደዋል። ጉዳቱ የሚያርፈው በቆጣሪውና በሮቶው ላይ ነው፤ ለቀናት ያጠራቀሙት ውሃ ድምፅ ሳያሰማ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ሁለተኛው የመውረጃው መደፈን ሲሆን፣ ወለሉን የሚያጥለቀልቀው ይኼኛው ነው። አንድ ዕቃ ለሁለቱም እንደሚበቃ አድርገው የሚሸጡ ነጋዴዎች አጋጥመውኛል፤ አይበቃም።

ለመጀመሪያው ችግር ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት የውሃ ማስገቢያ ቫልቭ ይገኛል። ነባሩ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ኳስ ያለው ነው፤ ውሃው ሲጨምር ኳሱ ይነሣል፣ ዘንጉም መግቢያውን ተጭኖ ይዘጋዋል። በአዲሱ ዓይነት ተንሳፋፊው በቋሚው ቱቦ ዙሪያ ሽቅብና ቁልቁል የሚሄድ ሲሆን፣ መግቢያውን አጥብቆ የሚይዘው በላስቲክ ሽፋን ላይ የሚያርፈው የራሱ የውሃው ግፊት ነው። አዲሱ ቦታ አይፈጅም፣ ሲሞላ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ የውሃውን ከፍታም በእጅ ማስተካከል ይቻላል። እኔም የምመርጠው እሱን ነው፤ ነገር ግን ለእኛ ከተማ የሚከብድ አንድ ድክመት አለው። ተቋርጦ የቆየ ውሃ ሲመለስ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ያፏጫል፣ ከዚያ የረጋውን ደለልና የዝገት ፍርፋሪ እየገፋ ቡናማ ውሃ ያወጣል። በላስቲክ ሽፋኑ ላይ ያለው መተላለፊያ በጣም ጠባብ ስለሆነ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባችበት ቫልቩ እስከ መጨረሻው አይዘጋም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዋናውን ውሃ ዘግቶ የቫልቩን ክዳን መንቀል፣ በክፍቱ አፍ ላይ ኩባያ ደፍቶ በመያዝ ውሃውን ለጥቂት ሰከንድ መልቀቅ፣ በመጨረሻም ላስቲኩን አጥቦ መመለስ ነው። ስለዚህ ክዳኑ በእጅ የማይነቀል፣ መግቢያው ላይም ወንፊት የሌለው ቫልቭ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ለአዳማ አይሆንም። ሻጩ ፊት ከካርቶኑ አውጥታችሁ ከፍታችሁ እዩት።

የታንከሩ ግርጌ ላይ ያለውን መድፈኛ ጎማም አትርሱ። ጎማው እያሳለፈ መሆኑን ለማወቅ ታንከሩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉ፤ ቀለም ከሌለ ወፈር ያለ ቡናም ያገለግላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይለቀቅ ቆይቶ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው መለወጥ አለበት። ብዙ ጊዜ ጎማው ብቻ ሲበቃ ሙሉው የውስጥ ዕቃ እንዲቀየር የሚመከረው ያለ አግባብ ነው።

ወደ መደፈኑ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ በ1775 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የ«ኤስ» ቅርጽ ያለው ጠማማ ቧንቧ፣ መልኩ ቢሻሻልም፣ ዛሬም በየመቀመጫው ውስጥ አለ። ውሃ ቋጥሮ ሽታን ይከለክላል፤ ዳይፐር፣ የንጽሕና መጠበቂያና እርጥብ መጥረጊያም የሚያዙት እዚያው ጠማማው ላይ ነው። በውጭ አገር በመቀመጫው ውስጥ ከፍ ብሎ ተጨማሪ መውጫ ያላቸው፣ ዋናው ሲደፈን ውሃውን በጎን የሚያሳልፉ ሽንት ቤቶች ተሠርተዋል። እዚህ ባሉ ሱቆች ግን አላገኘኋቸውም፤ መደፈኑ ከቤት ውጭ ባለው ዋና መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ እነሱም አያድኑም። ሌላው የፈጠራ ዓይነት መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከልክ ሲያልፍ የታንከሩን ውሃ የሚያግድ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ ውሃ በጠፋ ቀን ሽንት ቤት የሚለቀቀው በባልዲ ነው፣ ታንከሩን የሚዘጋ መሣሪያ ደግሞ በባልዲ የሚደፋውን ውሃ ሊያግድ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ረገድ ገንዘቤን የማወጣው ለጎማ መምጠጫ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ተመርጦ ይገዛል፤ አፉ ጠፍጣፋ የሆነው ለእጅ መታጠቢያ ነው፣ የሽንት ቤቱ ከሥሩ ወጣ ያለ ተጨማሪ ከንፈር አለው። አፉ በውሃ ካልተሸፈነ የሚገፋው አየር ብቻ ስለሆነ የደፈነው ነገር አይነቃነቅም።

ውሃው ወደ መቀመጫው አፍ እየወጣ ከሆነ ደግሞ ደግማችሁ አትልቀቁ። የታንከሩን ክዳን አንሥታችሁ ተንሳፋፊውን ወደ ላይ ያዙ፣ መድፈኛውን ጎማ ወደ ታች ተጫኑ፣ ከዚያ ከግድግዳው ላይ ያለውን ትንሽ መዝጊያ አዙሩ። ያ መዝጊያ ለዓመታት ሳይነካ ደርቆ እንዳይገኝ አልፎ አልፎ ከፈት ዘጋ ማድረግ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ቤት ሲያበላሽ ያየሁት ዕቃ ከዚያ መዝጊያ እስከ ታንከሩ የሚዘረጋው ፍሌክሲብል ነው። ከላይ የሚያብረቀርቀው የሽቦ ሽሩባ ብቻ ነው፤ ውሃውን የሚይዘው ውስጥ ያለው ጎማ ነው። ሽሩባው አሉሚኒየም የሆነው ቀለል ይላል፣ እርጥበት ባለበትም ቶሎ ይበላል፤ አንድ ሽቦ ተበጥሶ ወይም ነጭ ዱቄት አውጥቶ ካያችሁ በዚያው ቀን ቀይሩት። ስቴንለስ የሆነውን ለመለየት ሁለቱን ጎን ለጎን በእጅ መመዘን ይረዳል። የሠፈራችን አንጋፋ ቧንቧ ሠራተኛ የፕላስቲክ ዳዶውን ስይዝ አይተው፣ «ልጄ፣ በእጅሽ አጥብቂው፤ በመፍቻ ትንሽ ብቻ ጨምሪበት፤ የሚሰነጥቀው ጉልበት ነው» ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው። ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ግን የተሻለ ፈጠራ አለ፤ ቱቦው ድርብ ሆኖ የውስጠኛው ሲያፈስ የሾለከው ውሃ ቧንቧው ጋ ያለውን የሚያብጥ ነገር ያረጥበዋል፣ እሱም አብጦ ውሃውን ይዘጋል። መብራት አይፈልግም፣ ሰውም አይጠብቅም። አንዴ ከዘጋ በኋላ ቱቦው በአዲስ መተካት አለበት፣ ዋጋውም ከተራው ይበልጣል፤ ቢሆንም በዚህ ጽሑፍ ካነሣኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ያለ ማመንታት አንደኛ የምለው እሱን ነው።

ትንንሾቹ የውሃ ማንቂያዎች ሥራቸው ግልጽ ነው። ከሥራቸው ሁለት የብረት ነጥቦች አሉ፤ የቧንቧ ውሃ በውስጡ የሟሟ ማዕድን ስላለበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሁለቱን ነጥቦች ሲያገናኝም መሣሪያው ይጮኻል። በባትሪ ስለሚሠሩ መብራት ቢጠፋም አያግዳቸውም፤ በእርጥብ ጣት ሁለቱን ነጥቦች ነክቶ መፈተሽም ይቻላል። ነገር ግን ውሃ አይዘጉም፤ ቤቱ ባዶ ከሆነ የሚሰማቸው የለም። የመታጠቢያ ክፍላችን ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ እዚያ ቢቀመጡ ያለ ምክንያት ይጮኻሉ፤ ቦታቸው ከክፍሉ ደፍ ውጭ፣ ከወጥ ቤት ሲንክ ሥርና ከማሽኑ ጀርባ ነው።

በስልክ የሚታዘዘው የሞተር መዝጊያ ብዙ ይወራለታል። ከነባሩ መዝጊያ ላይ ታስሮ እጀታውን የሚያዞረው ዓይነት የሚሠራው በሩብ ዙር በሚዘጋ፣ እጀታ ባለው ቫልቭ ላይ ነው። እንደ መሪ ክብ ሆኖ ብዙ ዙር የሚዞረው ሳራቺኔስካ ባለበት ቤት፣ እንዲህ ያሉ ቤቶች ደግሞ ጥቂት አይደሉም፣ መጀመሪያ ቫልቩን ማስቀየር ግድ ነው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም ይጠፋል፣ ሞተሩም የራሱ ባትሪ ከሌለው ባለበት ይቆማል፤ ውሃው የሚመጣው በዚያው ሰዓት ከሆነ ዕቃው እንደሌለ ይቆጠራል። ባትሪ ያለውን፣ ከማንቂያው ጋር ያለ ኢንተርኔት በቀጥታ የሚገናኘውን ካገኛችሁና አቅሙ ካላችሁ፣ ደጋግሞ ከከተማ ለሚወጣ ሰው ይጠቅማል። ለሌላው ግን ማታ ከመተኛት በፊት ዋናውን መዝጊያ በእጅ መዝጋት ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ በፈረቃ ቀን ሮቶውም መሞላት ስላለበት መዝጊያው ከሮቶው ወደ ቤት በሚወርደው መስመር ላይ መሆን አለበት። ቤቱ ከዋናው መስመር በቀጥታ የሚገባ ሌላ ቧንቧ ካለው ለእሱም የራሱ መዝጊያ ያስፈልገዋል።

ሮቶው ራሱ የሚዘጋው በተንሳፋፊ ኳስ ነው። ኳሱ ከተሰነጠቀ ውሃ ገብቶበት ይከብዳል፣ ሳይነሣ ይቀራል፣ ሮቶውም ሞልቶ ይፈሳል፤ አውጥቶ መነቅነቅ በቂ ምርመራ ነው፣ ውስጡ ውሃ ከተንቦጫቦጨ ይጣል። የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው የሰፋ መሆን አለበት፤ በብዙ ቤት ግን እኩል ወይም ጠባብ ሆኖ፣ አንዳንዴም ነፍሳት እንዳይገቡ ተብሎ በጨርቅ ተወትፎ ይገኛል። ጨርቁን አውጥታችሁ በቀጭን ወንፊት ተኩት፤ ጫፉንም ግድግዳ ላይ ሳይሆን በር ላይ ወይም መተላለፊያ ላይ፣ ሲፈስ ማንም ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ አውርዱት።