የድሮ የአይፎን ኮድ የወደቀባችሁ፣ ይህን ሰው ያዙት

ስሙ እንዲነሳ ስላልፈቀደ «ወንድሜ» እያልኩ ልቀጥል። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

በፈረንጆቹ 2011 ኤአርሲ (ሜሞሪን በራሱ የሚቆጣጠረው ዘዴ) ከመምጣቱ በፊት የተጻፈ የኦብጀክቲቭ ሲ (የድሮው የአይፎን አፕ ቋንቋ) አፕ ተረክቤ ነበር። በእንዲህ ያለ ኮድ ኦብጀክትን መያዝ (ሪቴይን) እና መልቀቅ (ሪሊዝ) የጸሐፊው ሥራ ነው፤ ያዥ ያጣ ኦብጀክት ይጠፋል። የፎቶው ገጽ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሜሞሪው ይጨምራል። እኔም ደስ ያለኝ ቦታ ሁሉ ሪሊዝ ስጨምር ጭራሽ ክራሽ ማድረግ ጀመረ። እንዲህ ስባክን ነው ጓደኛዬ ያገናኘኝ።

ወንድሜ ኮዱን በእጁ አልነካውም። ስክሪኔን እያየ አንድ መስመር ላይ አስቆመኝ። በአሎክና ኢኒት (አዲስ ኦብጀክት በሚፈጥሩት ትእዛዞች) የተፈጠረ አሬይ (ዝርዝር)፣ ሪቴይን ለተባለ ፕሮፐርቲ (የተሰጠውን ለሚይዝ የኦብጀክት ንብረት) በሰልፍ ነጥብ (self.) ይሰጣል። «ይሄን ስንት ሰው ይዞታል?» አለኝ። «አንድ» አልኩት በሙሉ ልብ። ወረቀት አስወጥቶ አስቆጠረኝ። አሎክ ሲፈጥረው አንድ፤ ሴተሩ (በሰልፍ ነጥብ የሚጠራው እሴት ተቀባይ) ሲቀበለው ሪቴይን ያደርገዋልና ሁለት። ዲአሎክ (ባለቤቱ ኦብጀክት ሲጠፋ የሚሠራው ኮድ) ውስጥ የምንለቀው አንዱን ብቻ! ያቺ ተንጠልጥላ የቀረችው ናት ሊኩ (ሳይለቀቅ የሚቀረው ሜሞሪ)። እዚያው መስመር ላይ ኦቶሪሊዝ (ቆይቶ የሚፈጸም ሪሊዝ) ስጨምር ሜሞሪው ረጋ።

ክራሹ የተገላቢጦሹ ነበር። ሌላ ቦታ፣ ኦቶሪሊዝ ተደርጎ የመጣ አሬይ «ሰልፍ ነጥብ»ን ረስቼ በቀጥታ ለቫሪያብሉ ሰጥቼዋለሁ። ሴተሩ አልተጠራም፣ ስለዚህ የያዘው የለም። ፑሉ (ኦቶሪሊዝ የተደረጉት የሚጠራቀሙበት) ሲራገፍ አሬዩ ጠፋ፤ ፖይንተሩ (አድራሻውን የያዘው ቫሪያብል) ግን የሞተ አድራሻ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። በዚያ ላይ እኔው የደረደርኳቸው ሪሊዞች አሉ፤ አንድ በአንድ አስለቀመኝ። «ነጥቧን አትናቃት» ያለኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከሁሉ የወደድኩለት ሴተሩን ራሴ እንድጽፈው ማድረጉ ነው። አሮጌውን ሪሊዝ፣ አዲሱን ሪቴይን አድርጌ ጨረስኩ ብዬ ተዝናናሁ። «ሁለቱ አንድ ኦብጀክት ቢሆኑስ?» አለ። ዝም አልኩ። ለካ ለቅቄ የገደልኩትን ነው መልሼ የምይዘው! መጀመሪያ ይለያያሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ሪቴይን ካውንትን (የያዦቹን ቁጥር) ማተምም ከልክሎኛል፤ ሲስተሙም በራሱ ጉዳይ ስለሚይዝ ቁጥሩ ያታልላል።

«አስተካክልልኝና ልሂድ» ለምትሉ አይሆናችሁም፤ መልስ ሳይሰጥ ጥያቄ ይመልስላችኋል፣ አንዳንዴም ያናድዳል። መማር የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ።