የሕዝበ ውሳኔ አገልግሎት በሐዋሳ፦ ድምፅ መስጫው ፈጣን፣ ምክር ቤቱ ዘገምተኛ

የሲዳማ ዞን ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ወይስ በደቡብ ክልል ይቆይ የሚለውን የኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ እንደ አንድ የመንግሥት አገልግሎት ብንመዝነው፣ ነጥብ የሚያስጥለው ከድምፅ ቀኑ በፊት የነበረው የወረቀት ጉዞ ነው።

መንገዱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ተቀምጧል። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በ2/3ኛ ድምፅ ይወስናል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይገባል፤ ክልሉም ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል።

የዞኑ ምክር ቤት ሐምሌ 2010 ወሰነ። ዓመቱ ሲሞላ ግን የድምፅ መስጫ ቀን እንኳ አልተቆረጠም። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፤ አንቀጹ ቀነ ገደብ ያስቀምጣል እንጂ ገደቡ ሲያልፍ ማን ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። ሐምሌ 2011 በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ።

ምርጫ ቦርድ ክልሉን መልስ የጠየቀባቸው ጉዳዮች ሥራው የቱ ጋ እንደተንከባለለ ያሳያሉ፦ የሐዋሳ ከተማ ጉዳይ፣ የሀብት ክፍፍል፣ በሲዳማ የሚኖሩ የሌሎች ብሔረሰቦች መብት። እነዚህ ጥያቄው በገባ በመጀመሪያው ወር መጠናት የነበረባቸው እንጂ ዓመቱ ካለፈ በኋላ የሚነሱ አልነበሩም። ድምፅ ሰጪ የሚመርጠው ምን እንደሚከተል ሲያውቅ ነውና።

ምዝገባው ከጥቅምት 26 እስከ ኅዳር 5 ነበር። 10 ቀን ለከተማ ነዋሪ አይጠብም፤ መታወቂያው ለጠፋበትና ቀበሌ ለሚመላለስ ግን ያጥራል። ካርድ የወጣበት ጣቢያ ላይ ብቻ ነበር ድምፅ የሚሰጠው፤ ስለዚህ ሰፈር የሚቀይር ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር።

የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ክልል ለመሆን ሻፌታ (የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ማቅረቢያ ዕቃ)፣ በደቡብ ክልል ለመቆየት ጎጆ ምልክት ነበር። ማንበብ ለማይችል ሰው ምልክት ግድ ነው፤ ሆኖም ከእንሰት የሚሠራው ባህላዊ ምግብ ቡርሳሜ የሚቀርብበት ሻፌታ በሲዳማ ቤት ያለውን ቦታ የሚያውቅ ሰው ምርጫው ሚዛናዊ ነበር ለማለት ይቸገራል። ጎጆ የማንም ነው። ሁለቱም ተራ ዕቃ ቢሆኑ ይሻል ነበር። አሞላሉስ ቀላል ነበር፤ በአንዱ ምልክት ሳጥን ውስጥ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ። ሁለቱም ላይ ምልክት ያደረገ፣ ባዶውን ያጠፈ ወይም ስሙን የጻፈ ድምፁ ይባክን ነበር።

የድምፅ ቀን አሠራሩ 5 ከ5 ይገባዋል፤ ውጤቱም በ3 ቀን ውስጥ ተነገረ፦ 98.51 በመቶ ለሻፌታ። ለክልሉ ምክር ቤት ዝግጅት ግን 2 ከ5። የሥልጣን ርክክቡም ቢሆን እስከ ሰኔ 2012 ቆይቷል።