ቶርኖ ቤት ለምትፈልጉ የጅማ ሜካኒካል ጂሲዎች

ኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ) ያላችሁ የሜካኒካል ጂሲዎች (ተመራቂ ተማሪዎች)፣ ፋይናል ፕሮጀክታችሁ ከወረቀት ወጥቶ ብረት የሚሆን ከሆነ ሂርማታ በኩል ያለችውን ትንሽ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽባት) ሳታዩ ለማንም ቀብድ አትክፈሉ። ታፔላ የላትም። በሯ ላይ ለጥገና የመጡ የወፍጮ ዕቃዎች ተደርድረው ታገኛላችሁ።

የኛ ግሩፕ የሠራው የጀንፈል ቡና (ከነገለባው የደረቀ ቡና) መፈልፈያ ነው። እሸት ቡና መፈልፈያም ጥሩ ርእስ ነው፣ ግን ቀይ እሸት በዋናነት የሚለቀመው በመኸር ወራት ነው፣ ዲፌንሳችን (ፕሮጀክቱን ለፈታኞች የምናቀርብበት ቀን) ደግሞ ግንቦት ላይ ነበር። በምን ይሞከራል? ጀንፈል ግን ከገበያ ይገዛል።

ይህን ቤት ከሌሎቹ የሚለየው ጥያቄው ነው። ሌላ ቦታ ድሮዊንግ ስንሰጥ ዋጋ ብቻ ይነግሩናል። እዚህ የቶርኖ ባለሙያው ጋሼ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ብዙ ዝም አሉና፣ «ልጆች፣ ይሄ ማሽን የት ነው የሚቀመጠው? ገበሬ ቤት ትሪ ፌዝ አለ እንዴ?» አሉን። ሞተሩን ሲንግል ፌዝ (በተራ የቤት መብራት የሚሠራ) ያደረግነው ከዚያ ንግግር በኋላ ነው። በደቂቃ 1400 ዙር የሚዞረውን ሞተር በቀጥታ ሻፍቱ ላይ ማሰርም አይሆንም፣ ፍሬው ይሰባበራል፤ ፍጥነቱን በፑሊና በቺንጋ ወደ አንድ ሦስተኛ አወረድነው።

ከሁሉም የወደድኩት የከበሮውንና የወንፊቱን ክፍተት የሠሩበት መንገድ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ፍሬው ይሰበራል፣ ከሰፋ ጀንፈሉ ሳይፈለፈል ያልፋል፣ የቡናው መጠን ደግሞ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አንድ ልክ ለሁሉም አይሠራም። እሳቸው የቡሎኖቹን ቀዳዳ ሞላላ አድርገው ቀደዱት። አሁን ዳዶውን ላላ አድርጎ ወንፊቱን ማስጠጋት ወይም ማራቅ ይቻላል። ፈታኞቹም ረጅም ጊዜ የቆዩት እዚያ ላይ ነበር።

ሌላው ኩችኔታ (ሻፍቱ የሚዞርበት ቤሪንግ) ነው። ብዙ ተማሪ ሻፍቱን 25 ሚሊሜትር ብሎ ጽፎ ቶለራንሱን (ከልኩ ምን ያህል መብለጥ ወይም ማነስ እንደሚፈቀድ) ይዘለዋል። 6205 ኩችኔታ ውስጡ 25፣ ውጪው 52 ሚሊሜትር ነው፣ ግን ሻፍቱ በመቶኛ ሚሊሜትሮች እንኳ ከቀጠነ ኩችኔታው ላዩ ላይ እየተሽከረከረ ይበላዋል። እዚህ ኩችኔታውን ሳትይዙ ብትመጡ ሻፍቱን አይቆርጡላችሁም። ትክክል ናቸው። ብየዳቸውም ጥሩ ነው፦ መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ አድርገው ይይዙትና የፍሬሙን ሰያፍ ለሰያፍ ለክተው፣ እኩል መሆኑን አይተው ነው የሚጨርሱት።

ችግሮቹንም ልንገራችሁ። ቀጠሮ አያከብሩም። ጥቂት ቀን ያሉት ሥራ ይረዝማል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ቶርኖው ይቆማል። በቡና መኸር ወቅት የመፈልፈያ ጣቢያዎች ጥገና ስለሚጎርፍ ተማሪ ወረፋ ይጠብቃል፣ ይህ ቅር ያሰኛል። ደረሰኝም በልመና ነው፣ ወጪያችሁን ግቢ የሚተካላችሁ ከሆነ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። አንግል አይረኑንና ላሜራውን ራሳችሁ ግዙ፣ የእጅ ዋጋውን ብቻ ለብቻ አስጽፉ።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሥራ ይበዛባቸዋል። ድሮዊንጉን በኤ3 አሳትማችሁ ያዙ፣ ከስልክ ላይ አያዩም።