ፍራንክፈርት ቤት ለምትፈልጉ፦ እኚህን እናት ሳላመሰግን አላድርም

ሰላም ወገኖቼ። ብዙ መጻፍ አልወድም። ዛሬ ግን በገዛ ቁልፌ ከፍቼ ገብቼ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ። ወንበር ገና አልገዛሁም።

ከካሰል ወደ ፍራንክፈርት የመጣሁት ለሥራ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ተቀጠርኩ፣ ውል ፈረምኩ፣ ሻንጣዬን ጎትቼ መጣሁ። ቤቱ ቢበዛ አንድ ወር ቢፈጅ ነው ብዬ ነበር። አምስት ወር ፈጀ። አምስት ወር ሙሉ ግሪስሃይም ሰፈር የጓደኛዬ ሶፋ ላይ አደርኩ። እግዜር ይስጣትና አንድ ቀን ፊቷ ሲከፋ አላየሁም። ግን የሰው ቤት የሰው ቤት ነው። ሌሊት ውሃ ሊጠማኝ እንኳ እፈራ ነበር።

ያየሁትን ልንገራችሁ? ኢንተርኔት ላይ መልእክት እልካለሁ፣ መልስ የለም። ስደውል ስሜን ይጠይቁኛል። ስሜን ስነግራቸው ቤቱ «አሁን ተከራየ» ይባላል። ማስታወቂያው ግን ሁለት ሳምንት እዚያው ተለጥፎ አየዋለሁ። ጋሉስ ሰፈር አንድ ቤት ልናይ ሄድን፤ ሰልፉ ከሦስተኛ ፎቅ ጀምሮ በደረጃው ወርዶ አስፋልት ደርሷል። ሁሉም ፋይል ታቅፏል። እኔ ባዶ እጄን።

አንዱ ደግሞ ቦርንሃይም ሰፈር ያለ ቤት በፎቶ አሳየኝ። ቤቱ ያምራል፣ ዋጋው የበለጠ ያምራል። «እኔ ውጭ ሀገር ነኝ፣ ማስያዣውን ላኪልኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ» አለኝ። ልልክለት ነበር እኮ! ጓደኛዬ ናት ስልኩን ከእጄ የነጠቀችኝ። ሌላው ክፍል አለኝ አለና ልገባ ስል «አንሜልዱንግ ግን አይቻልም» አለኝ፤ በቤቱ አድራሻ መመዝገብ አትችይም ማለቱ ነው። እዚህ ሀገር አድራሻ ያላስመዘገበ ሰው ምን እንደሚገጥመው የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የራሴ ሰው ነው። «ቤት በእጄ አለ፣ ለሻይ 500 ዩሮ ብቻ» አለኝና ተቀበለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም። ስሙን አልጽፍም። እሱ ራሱን ያውቃል።

አልቅሼ አልቅሼ ስደክም፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አንዲት እህት የእትዬን ስልክ ሰጠችኝ። እትዬ ወረቀት ይተረጉማሉ፣ ፎርም ይሞላሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ደላላ አይደሉም። ገና ከመቀመጤ የነገሩኝም ይህንኑ ነው፦ «ልጄ፣ ቤት የለኝም። ወረቀትሽን ግን አስተካክልልሻለሁ።» የ500 ዩሮውን ጉድ ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ለካ እዚህ ሀገር ደላላውን የቀጠረው አከራዩ ከሆነ ከፋዩም አከራዩ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሕጉ እንደዚያ ነው። ማን ነግሮኝ!

የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ ሹፋ የሚባለውን የዕዳ አከፋፈል ማስረጃ፣ የድሮ አከራዬ «ዕዳ የለባትም» ያሉበትን ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ፋይል አደረጉልኝ። ከዚያ «ስለ ራስሽ አውሪኝ» አሉኝ። ምን ልበል? ደብረ ብርሃን አያቴን እንዴት እንዳስታመምኳቸው አወራሁ። እሳቸው ዝም ብለው ይጽፋሉ። ለካ ማመልከቻው ላይ እያስገቡት ነው! ሄክስት ሰፈር ያለውን ቤት ለማየት ስሄድ አከራይዋ አሮጊት ናቸው፤ ስለ ደመወዜ ሳይሆን መጀመሪያ ስለ አያቴ ጠየቁኝ። በሳምንቱ ቤቱ ያንቺ ነው ተባልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ውሉን የአከራይዋ ወኪል ላከልኝ። አሥራ ምናምን ገጽ ነው። እኔ በደስታ ልፈርም እስክሪብቶ ይዣለሁ። እትዬ «ቆይ» አሉ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን በየመስመሩ ላይ እየጎተቱ አነበቡ። ሻዩ ቀዘቀዘ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ማስያዣው የአራት ወር ኪራይ ተብሎ ተጽፏል። እዚያው ስልክ አነሱ። ምን እንዳሉት እንዳትጠይቁኝ፣ ጀርመንኛው ይፈጥናል። የገባኝ ድምፃቸው አንዴም ከፍ አለማለቱ ብቻ ነው። መሃል ላይ እንዲያውም ሳቁ። ስልኩን ዘግተው «ሕጉ ከሦስት ወር አያሳልፍም። እሱም ማሞቂያው ምኑ ሳይጨመር፣ በባዶ ኪራዩ ታስቦ ነው። ደግሞ በሦስት ጊዜ ከፍለሽ መጨረስ ትችያለሽ» አሉኝ። በማግስቱ የተስተካከለው ውል መጣ። ያን ሌሊት ሶፋው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስንት ልክፈል ስላቸው የተናገሩት ዋጋ አሳፈረኝ። ልጨምር ብል ተቆጡኝ።

ቁልፍ የተቀበልኩ ቀን ቤቱ ጨለማ ነው። የጀርመን ቤት ስትረከቡ መብራቱ እንኳ ተነቅሎ እንደሚሄድ አታውቁም መሰለኝ፤ ኮርኒሱ ላይ ሽቦ ብቻ ተንጠልጥሏል። ኩሽናውም ባዶ ግድግዳ ነው። በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ቆሜ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። በአንድ እጃቸው አምፖል ከነመያዣው፣ በሌላው በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዘዋል። የሚሰቅልልኝ የጎረቤት ልጅም ከኋላቸው አለ። መብራቱ ሲበራ ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

ስማቸውን አትጻፊ ስላሉኝ አልጽፍም። ፍራንክፈርትና አካባቢው ቤት የምትፈልጉ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። እደግመዋለሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት! ሳታዩ ብር አትላኩ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ቴርሚን (ቀጠሮ) ይዛችሁ ሂዱ፣ ወረቀታችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። እሁድ ጠዋት ግን እንዳትደውሉላቸው፣ ቅዳሴ ላይ ናቸው።