ማይንክራፍት በኪቦርድ፣ በጆይስቲክ ወይስ በስልክ? ከመግዛታችሁ በፊት ኢንቬንተሪውን አስቡ

ማይንክራፍትን፣ ማለትም በብሎክ የሚገነቡበትን የቪዲዮ ጨዋታ፣ ሊገዛ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ምስሉ ጥራትና መሣሪያው ጨዋታውን መሸከም ስለ መቻሉ ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ዕቃችሁን የምታነሱትና የምታስቀምጡት በምንድን ነው? ቤት የሚሠራ ተጫዋች ከድንጋይ ወደ እንጨት፣ ከእንጨት ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ ችቦ ሲቀያይር ይውላል። ሣጥን ይከፍታል፣ ይከፋፍላል፣ ይፈልጋል። ይህ ሥራ በአንዱ መሣሪያ ላይ ሳይታወቅ ያልፋል፤ በሌላው ላይ ግን ከግንባታው በላይ ያደክማል። በዚያ ላይ ኢንቬንተሪው (የተጫዋቹ ዕቃ መያዣ) ሲከፈት ጨዋታው አይቆምም። ዕቃ ፍለጋ ላይ ሳላችሁ ዞምቢው መምጣቱን አይተውም።

የመያዣው ስፋት የትም ቢጫወቱ አንድ ነው። ተጫዋቹ 36 ቦታ አለው፤ 27ቱ ኢንቬንተሪው ሲከፈት የሚታዩ ሲሆኑ 9ኙ ከስክሪኑ ግርጌ የማይጠፋው ሆትባር ናቸው። ለጥሩር 4፣ ለገጸ ባሕሪው ግራ እጅ ደግሞ 1 ቦታ በተጨማሪ አለ። አብዛኛው ብሎክ በአንድ ቦታ እስከ 64 ይደራረባል፤ እንቁላል፣ የበረዶ ኳስና ባዶ ባልዲ እስከ 16 ድረስ ነው፤ ሰይፍና ዶማ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ቦታ ይወስዳሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው እጅ ላይ ነው።

ኪቦርድና ማውስ

ዕቃ ለማደራጀት ከኪቦርድና ማውስ የሚስተካከል የለም። ይህን የምለው ጆይስቲክን ንቄ ሳይሆን የአቋራጮቹን ብዛት አይቼ ነው። ሆትባሩ ላይ ያሉት ዘጠኝ ቦታዎች ከ1 እስከ 9 ካሉት ቁልፎች ጋር አንድ ለአንድ የተያያዙ ስለሆኑ ማንኛውም ዕቃ በአንድ ጭነት እጅ ይገባል። ግራ እጃችሁ መራመጃ ቁልፎቹ ላይ ስለሚያርፍ ከ1 እስከ 5 ያሉት በቀላሉ ይደረሳሉ፤ ከ6 በላይ ያሉት ግን ጣት ያስረዝማሉ። ስለዚህ ሰይፍ፣ ዶማ፣ ምግብና በብዛት የምትጠቀሙበት ብሎክ ግራ በኩል ይቀመጡ፤ የቀሩትን በማውሱ ጎማ ድረሱባቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦታቸውን አትቀያይሩ። እጅ የሚለምደው ቦታውን ነው፣ ምግቡ ዛሬ 4 ላይ ነገ 7 ላይ ከሆነ በጭንቅ ሰዓት አይገኝም።

ኢንቬንተሪው ሲከፈት ነው የማውሱ ጥቅም ይበልጥ የሚታየው። ሺፍት ይዞ አንድ ዕቃ ላይ ጠቅ ማድረግ ዕቃውን በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ወይም ከሣጥኑ ወደ ተጫዋቹ ያሻግረዋል። ማውሱን አንድ ዕቃ ላይ አድርጎ የቁጥር ቁልፍ መጫን ዕቃውን ወደዚያ የሆትባር ቦታ ይልከዋል። በቀኝ ቁልፍ ማንሳት ክምሩን ለሁለት ይከፍላል፣ ዕቃ ይዞ በቀኝ ጠቅ ማድረግ አንድ ብቻ ያስቀምጣል፣ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ደግሞ ተበታትኖ ያለውን ተመሳሳይ ዕቃ ይሰበስባል። ለእኔ ግን ትልቁ መጎተቱ ነው። ሣጥን ለመሥራት በመሥሪያው 3 በ3 ሰሌዳ ላይ 8 ጣውላ ዙሪያውን ተደርድሮ መሐሉ ባዶ ይቀራል። 64 ጣውላ አንስታችሁ የግራውን ቁልፍ ሳትለቁ በስምንቱ ቦታዎች ላይ ብትጎትቱት እያንዳንዱ ቦታ 8 ይደርሰዋል፤ ወዲያው 8 ሣጥን ወጣ ማለት ነው። በቀኙ ቁልፍ ከጎተታችሁት ደግሞ በየቦታው አንድ አንድ ይጥላል። በጆይስቲክ ይህን በእጅ መደርደር ምን ያህል እንደሚያለፋ የሞከረው ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ማውስ ሳይገዛ በታችፓድ እንዳይጀምር። በታችፓድ ሁለቱን ቁልፎች እየተጫኑ ማነጣጠር ጨዋታውን ያስጠላል፣ ጥፋቱም በጨዋታው ይመካኛል። ማውሱ ውድ መሆን የለበትም። ጎማው ሲዞር ጥርሱ በጣት የሚሰማ ይሁን፤ እየተንሸራተተ የሚሄድ ከሆነ ሆትባሩን ዘሎ ያልፋል። በጎኑ ሁለት ተጨማሪ ቁልፎች ካሉት እሰየው፤ በቅንብሩ ውስጥ ራቅ ያሉትን የሆትባር ቦታዎች ልትሰጧቸው ትችላላችሁ። ኪቦርድ ስትመርጡ ደግሞ ወደፊት መሄጃውን፣ መሮጫውንና መዝለያውን አንድ ላይ ይዛችሁ ሞክሩት። አንዳንድ ርካሽ ኪቦርዶች ሦስተኛውን ቁልፍ አይቀበሉም።

ጃቫና ቤድሮክ

ጃቫና ቤድሮክ የጨዋታው ሁለት ዕትሞች ናቸው። ከ2022 ጀምሮ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱ በአንድ ግዢ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ዊንዶውስ ያለው ሰው መምረጥ አይጠበቅበትም። ማክና ሊኑክስ ላይ ግን ጃቫ ብቻ ነው፣ ኮንሶልና ስልክ ላይ ደግሞ ቤድሮክ ብቻ።

በዕቃ አያያዝ ረገድ ዋናው ልዩነት የግራ እጅ ነው። ጃቫ ላይ ኤፍ የሚለውን ቁልፍ በመጫን ማንኛውንም ዕቃ ወደ ግራ እጅ ማዛወር ይቻላል። ዋሻ የሚቆፍር ሰው በቀኙ ዶማ፣ በግራው ችቦ ይይዛል፤ በአንዱ የማውስ ቁልፍ እየፈለጠ በሌላው ብርሃን ይተክላል፣ ሆትባሩን መንካት አያስፈልገውም። ቤድሮክ ግን ግራ እጁ ላይ የሚቀበለው እንደ ጋሻ፣ ካርታ፣ ፍላጻና ርችት ያሉ ጥቂት ዕቃዎችን ብቻ ነው። ችቦ አይቀበልም። ስለዚህ ከዘጠኙ የሆትባር ቦታዎች አንዱ ለችቦ ተይዞ ይቀራል፣ በየጥቂት እርምጃውም ወደዚያ መሄድና መመለስ አለ። ለቆፋሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጋሻውም ይለያያል። ጃቫ ላይ ጋሻ የሚነሳው የቀኙን የማውስ ቁልፍ ይዞ በመቆየት ነው፤ ቤድሮክ ላይ ደግሞ በማጎንበስ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ሰው መጀመሪያ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

በክሪኤቲቭ (ዕቃ ሳይለቅሙ ያለ ገደብ በሚገነቡበት የጨዋታ ዓይነት) ለሚገነቡ ጃቫ አንድ ብርቅ ነገር አለው፦ ሲ የሚለውን ቁልፍ ከቁጥር ጋር መጫን ያለውን ሆትባር እንዳለ ያስቀምጣል፣ ኤክስን ከቁጥር ጋር መጫን መልሶ ያመጣዋል። አንዱን ለጣሪያ፣ አንዱን ለአትክልት፣ አንዱን ለመንገድ አዘጋጅቶ መቀያየር ነው። በአንጻሩ ጃቫ ያለ ሞድ (ሌሎች የሠሩት ጭማሪ ፕሮግራም) ጆይስቲክን አያውቅም። ኮምፒውተር ላይ በጆይስቲክ መጫወት የሚፈልግ በቀጥታ ቤድሮክን ይክፈት።

ጆይስቲክ

ጆይስቲክ የሚበልጥበት ቦታ እንቅስቃሴው ነው። አናሎጉን (በአውራ ጣት የሚገፋውን ዱላ) ትንሽ ስትገፉት ቀስ ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ ስትገፉት ፈጥኖ ይሄዳል፤ በኪቦርድ መሄድ ወይም መቆም ብቻ ነው። ከኋላ ያሉት ታችኞቹ ሁለት ቁልፎች አንዱ ይሰብራል፣ አንዱ ያስቀምጣል፣ ይህም ለእጅ ምቹ ነው። ኮንሶል ላይ ደግሞ እስከ አራት ሰው ስክሪኑን ተከፋፍሎ በአንድ ቴሌቪዥን ይጫወታል። ልጆች ላሉት ቤት ይህ ብቻውን ምርጫውን ይወስናል ብል አላጋነንኩም።

ኢንቬንተሪው ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሆትባሩ ላይ መሄድ የሚቻለው ከኋላ ባሉት ላይኛ ቁልፎች አንድ አንድ ቦታ እየተዘለለ ነው። ሆኖም መስመሩ ክብ ነው፣ ከ9 ቀጥሎ 1 ይመጣል፤ ስለዚህ የትኛውም ቦታ ከአራት ጭነት በላይ አይርቅም። አደራደሩ ይህን ይከተል፦ ሰይፉ 1 ላይ፣ ምግቡ 2 ላይ፣ ብሎኩ 9 ላይ። ከሰይፉ ግራና ቀኝ አንድ ጭነት ብቻ ማለት ነው። ከኪቦርድ የመጣ ሰው የለመደውን አደራደር እንዳለ ይዞ ሲመጣ ነው ጆይስቲክ የሚከብደው። አንድን ሙሉ ክምር ወደ ሣጥን የሚያሻግር ቁልፍና ክምርን የሚከፍል ቁልፍ በጆይስቲክም አለ፤ ከስክሪኑ ግርጌ የትኛው እንደሆነ ይጻፋልና አንብቡት። በክሪኤቲቭ ግን የዕቃ ስም መፈለግ ስክሪን ላይ ባለ ኪቦርድ ፊደል በፊደል መልቀም ነው፤ ትልልቅ ግንባታ ለሚያልም ሰው ይህን አልመክርም።

ስልክና ታብሌት

ስልክ ብዙዎች እንደሚሉት ደካማ ብቻ አይደለም። ሆትባሩ ላይ የፈለጋችሁትን ዕቃ በጣት መንካት ስለሚበቃ በዚህ በኩል ከጆይስቲክ ይፈጥናል። የቤድሮክ የንክኪ ቅንብር ደግሞ ምርጫ ይሰጣል፦ ወይ በነካችሁበት ቦታ ብሎክ ይቀመጣል፣ ወይ መሐል ላይ ባለው ማነጣጠሪያ ትጠቀማላችሁ። ተረጋግቶ ግድግዳ ለሚደረድር የመጀመሪያው፣ ለሚዋጋ ሁለተኛው ይሻላል።

ችግሩ አውራ ጣት ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። መራመድ፣ ማየትና መምታት በአንድ ጊዜ ሲያስፈልግ አንዱ ይቀራል። ክምር ለመክፈል ጣትን አሳርፎ መቆየት አለ፣ ቁጥሩንም በትክክል መያዝ ያስቸግራል። ሆትባሩ ላይ ደግሞ ጣት ማቆየት ዕቃውን ይጥለዋል፤ ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ይህን አትሞክሩ። ታብሌት ከስልክ በጣም ይሻላል፤ ሁለቱም በብሉቱዝ ጆይስቲክ ይቀበላሉ። ስልክ ብቻ ላለው ሰው አዲስ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት የምመክረው ይህንኑ ነው።

ክፍተቱን የሚያጠቡ የጨዋታው ዕቃዎች

ጆይስቲክ ወይም ስልክ የመረጠ ሰው በጨዋታው ውስጥ ያሉትን ረዳቶች ቶሎ ይልመድ። በ2024 የገባው ባንድል የተሰኘ ከረጢት የተለያዩ ዕቃዎችን አጭቆ በአንድ ቦታ የአንድ ክምር ያህል ይይዛል፤ ከጉዞ መልስ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ቦታ ለሚበሉ አበባና ዘሮች ፍቱን ነው። ሹልከር ቦክስ የተባለው ሣጥን 27 ቦታ ያለው ሲሆን ሲሰበር በውስጡ ያለውን እንደያዘ ይነሳል፣ ግን የሚገኘው ጨዋታው ከገፋ በኋላ ነው። በ2025 የመጣው የመዳብ ጎለም የተባለ ፍጡር ደግሞ ከመዳብ ሣጥን ዕቃ እያነሳ ተመሳሳይ ዕቃ ወዳለበት ሣጥን ያመላልሳል። ኪቦርድ ለያዘ ሰው ጌጥ ነው፤ ጆይስቲክ ለያዘ ግን እውነተኛ እፎይታ፣ ምክንያቱም መለየቱን ይረከባል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ብዙ ለመገንባትና ብዙ ዕቃ ለማንቀሳቀስ ያሰበ ኮምፒውተርና ማውስ ይግዛ። ከቤተሰብ ጋር ሶፋ ላይ ለመጫወት ያሰበ ኮንሶል። መንገድ ላይ በትርፍ ሰዓቱ ለሚጫወት ስልኩ ይበቃዋል። ምርጫው ከዚህ ጋር ቢስማማም አብረዋችሁ የሚጫወቱት በምን እንደሚጫወቱ ጠይቁ። የቤድሮክ ተጫዋቾች ከስልክ እስከ ኮንሶል እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ የጃቫ ተጫዋች ግን ከጃቫ ጋር ብቻ ነው። ስልክ ላይ የተገዛው ጨዋታ ኮንሶል ላይ አይከፈትም፣ እንደገና መግዛት ይጠይቃል። ኮንሶል ላይ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ለመጫወት ደግሞ የኮንሶሉ የደንበኝነት ክፍያ ለብቻው አለ፤ በአንድ ቴሌቪዥን ተከፋፍሎ መጫወት ግን ይህን ክፍያ አይጠይቅም።