የጎጆው ጄኔራልና የመጠጥ ቤቱ ልጅ፦ በጅማ ካፌ የተሰጠ የአራት ምሽት የታሪክ ትምህርት

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ ካፌ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማታ የታሪክ ትምህርት ያሰጣል። ክፍያው ለአራት ምሽት 400 ብር ሲሆን፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በጀበና የሚቀርበው ቡና በዚሁ ሂሳብ ውስጥ ነው። የዘንድሮው ዙር ርእስ በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች የእጩዎቹ የኑሮ ደረጃና የሕዝቡ ድጋፍ እንዴት ይያያዙ እንደነበር ነው። ርእሱን መጀመሪያ ስሰማ ለጅማ ሰው ምን ይረባል ብዬ ነበር፤ አራቱንም ምሽት ከተከታተልሁ በኋላ ግን በገንዘቤ አልተቆጨሁም፤ ቅር ያሰኙኝ ነገሮች ቢኖሩም።

የመጀመሪያው ምሽት መንደርደሪያ ነበር። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን የ69ኙንም የየግዛቱ ልዑካን ድምፅ ሲያገኝ ተራው ሰው በጉዳዩ እምብዛም እጅ እንዳልነበረው፣ በብዙ ግዛቶች መሬት ወይም ንብረት የሌለው ሰው እንደማይመርጥ፣ በአንዳንዶቹም ልዑካኑን የሚሰይመው የግዛቱ ምክር ቤት እንደነበረ መምህሩ በአጭሩ አስረዳ። ሁለተኛው ምሽት እ.ኤ.አ. የ1824ቱን ምርጫ ይዞ መጣ። አንድሪው ጃክሰን 99፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ልጅ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ደግሞ 84 የልዑካን ድምፅ ቢያገኙም፣ ማንም ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ ስላላገኘ ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ተመርቶ አዳምስ ተመረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ በአብዛኞቹ ግዛቶች ነጭ ወንዶች ያለ ርስት መምረጥ በቻሉበት ጊዜ ጃክሰን 178 ለ83 አሸነፈ። እዚህ ላይ መምህሩ የጃክሰንን ድጋፍ የድሆች ድጋፍ ብቻ አስመስሎ ማቅረቡን አልተቀበልሁትም፤ የደቡብ ባለርስቶችም ድምፃቸውን ሰጥተውታልና።

ለ400 ብሩ ካሳ የሆነኝ ሦስተኛው ምሽት ነው። ርእሱ እ.ኤ.አ. የ1840ው ምርጫ ሲሆን፣ በሥልጣን ላይ የነበረው ፕሬዚዳንት ዴሞክራቱ ማርቲን ቫን ቢውረን በተቃዋሚው የዊግ ፓርቲ እጩ በጄኔራል ዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን ላይ ይወዳደራል። የዴሞክራቶች ወገን የነበረ አንድ የባልቲሞር ጋዜጣ፣ ለሃሪሰን አንድ በርሜል ሳይደርና ጡረታ ቢሰጡት ቀሪ ዕድሜውን በግንድ ጎጆው ተቀምጦ ይጨርሳል ብሎ ይዘብትበታል። መምህሩ ሳይደር ማለት ከፖም ጭማቂ የሚፈላ፣ ገበሬው እንደ እኛ ጠላ በየቤቱ የሚያዘጋጀው መጠጥ መሆኑን ሲነግረን የስድቡ ትርጉም ገባን። ዊጎቹ ግን ስድቡን እንደ ምርቃት ተቀብለው ጎጆውንና በርሜሉን ዓርማቸው አደረጉት፤ በሠረገላ ላይ የግንድ ጎጆ ጭነው በየከተማው ዞሩ። ቻርልስ ኦግል የተባለ የፔንሲልቫኒያ እንደራሴ ደግሞ ቫን ቢውረን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በቅንጦት ይኖራል ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ።

እዚህ ላይ መምህሩ ንግግሩን ገታ አድርጎ ነጩ ሰሌዳ ላይ ሁለት አባቶች ጻፈ። በቀኝ በኩል የሃሪሰን አባት፦ በቨርጂኒያ በርክሌይ የሚባል ሰፊ ርስት ባለቤት፣ የነጻነት መግለጫውን ከፈረሙት አንዱ፣ በኋላም የግዛቲቱ ገዢ። በግራ በኩል የቫን ቢውረን አባት፦ በኒው ዮርክ ኪንደርሁክ በምትባል መንደር መጠጥ ቤት የነበረው ሰው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የቡና ነጋዴ፣ «መምህር፣ የመጠጥ ቤቱ ልጅ ጌታ ተብሎ፣ የጌታው ልጅ በጎጆ ስም አሸነፈ ነው የሚሉን?» አሉ። «አዎ ጋሼ፤ ግን ጎጆው ብቻውን አላሸነፈም። እ.ኤ.አ. በ1837 ባንኮች ተንኮታኩተው፣ ሥራ ጠፍቶ፣ የእህልና የጥጥ ዋጋ ወድቆ ነበር፤ ሕዝቡ በሥልጣን ላይ ያለውን ሰው ተቀየመ» ሲላቸው አዛውንቱ፣ «የቡና ዋጋ ሲወድቅ እኛ አቅራቢዎቹ እንደምንሰደበው ነዋ!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ከመምረጥ መብት ባለቤቶች 80 ከመቶ ያህሉ ድምፅ የሰጡበት ምርጫ በ234 ለ60 የልዑካን ድምፅ ተጠናቀቀ፤ በሕዝብ ድምፅ ሲታይ ግን ሃሪሰን ያገኘው 53 ከመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን መምህሩ ሳይጠቅስ አላለፈም። ሃሪሰንም ሥልጣን በያዘ በወሩ ሞተ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛው የተባዛው ጽሑፍ ነው፤ በአንዱ ገጽ ዘመኑ በአውሮፓውያን፣ በሌላው በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ፣ የትኛው የየትኛው እንደሆነ አልተገለጸም። የአዳምስ ምርጫ «1824»፣ የጃክሰን ድል «1821» ተብሎ ስለታተመ ከጎኔ የነበረች ተማሪ ጃክሰን ከመሸነፉ በፊት አሸንፎ ነበር ብላ በማስታወሻዋ ላይ ጽፋ አየሁ። እንዲህ ያለው ስህተት አንድ ሰው ቢያነበው የሚታረም ነበር።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። «ሕዝብ» የሚለው ቃል ሦስት ምሽት ሙሉ ሲነገር በቃሉ ውስጥ እነማን እንደሌሉ የተነሣው በአራተኛው ምሽት፣ ያውም በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ነው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1821 ለነጭ ወንዶች የንብረቱን መስፈርት ስታነሣ ጥቁሩ ግን 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ካላሳየ አይመርጥም ማለቷ፣ ኒው ጀርሲ ንብረት ያላቸው ሴቶች ይመርጡ የነበረበትን መብት እ.ኤ.አ. በ1807 መሻሯ፣ የተራው ሰው ወገን የተባለው ጃክሰን ራሱ ብዙ ባሪያዎች የነበሩት መሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1830ም የአገሬውን ነገዶች ከመሬታቸው የሚያስነቅለውን ሕግ መፈረሙ፣ እነዚህ ሁሉ ተጣድፈው ታለፉ። ለአንድ ሙሉ ምሽት የሚበቃ ጉዳይ ነበር፤ የመጀመሪያውን ምሽት አሳጥሮ ለዚህ ቦታ ማግኘት ይቻል ነበር።

ቡናው ግሩም ነው፤ ሁለተኛው ስኒ፣ ቶናው፣ የሚደርሰው ግን ቡናውን ከሚያቀርበው ሰው አጠገብ ለተቀመጠ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ዙር በእርግጥም የግንድ ጎጆ ውስጥ ከተወለደው ከሊንከን እንደሚጀምር ተነግሮናል፤ እኔም ተመዝግቤያለሁ። መቀመጫው ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ ስለሆነ፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ከ12 ሰዓት በፊት ደርሶ ግድግዳው ዳር ያለውን አግዳሚ ቢይዝ ይሻለዋል።